አራተኛው በር

በዕፅዋት ትምህርት ክፍሉ መግቢያ፣ ከዘበኛው ወንበር አጠገብ፣ ቁመቱ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ የጀሶ ድቡልቡል ቆሟል። ላዩ እንደ መረብ ተፈልፍሏል፤ ዙሪያውን ደግሞ አራት ቦታ ላይ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። አዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ ሲያዩት የንብ ቀፎ ይመስላቸዋል። ሲሰነብቱ የአበባ ዱቄት ቅንጣት መሆኑን ይማራሉ። የበለጠ ሲሰነብቱ የፕሮፌሰሩ መሆኑን ይማራሉ፤ ከዚያ ወዲያ በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ። የማያፍረው ዘበኛው ብቻ ነው። ዝናብ ባለ ቁጥር ጃንጥላውን ከአራቱ ቀዳዳዎች በአንዷ፣ ሁልጊዜም በዚያችው በአንዷ ይሰካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንዲሁም የነሱ ዘመድ የሆነ ሐረግና ቁጥቋጦ ሁሉ ከአበባው የሚበንነው ዱቄት በባዶ ዓይን ሲያዩት ያው ዱቄት ነው፤ ጣት ላይ ቢጫ፣ ነጭ ልብስ ላይ ፀብ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን እያንዳንዷ ቅንጣት የወገኗን መልክ ይዛ ቁጭ ትላለች። አንዷ ሞላላ፣ አንዷ ድቡልቡል፤ አንዷ ልሙጥ፣ አንዷ መረብ የለበሰች። ከሁሉ በላይ ግን በሮቿ ይቆጠራሉ። በር የሚሉት ቅንጣቷ ጊዜዋ ሲደርስ የምታቆጠቁጥበትን ስንጥቅ ነው። የባቄላ ዘመድ፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ ብዙውን ጊዜ በሩ ሦስት ነው።

ፕሮፌሰሩ በጉብዝናቸው ወራት ከግቢው ጀርባ፣ አጥሩ ላይ የሚንጠላጠል ሐምራዊ አበባ ያለው ሐረግ አገኙና አራት በር ቆጠሩበት። አንዲት በር ትርፍ በመገኘቷ ሐረጉ ከዘመዶቹ ተለይቶ ራሱን የቻለ ወገን ሆነ፤ ጎጆ ወጣ እንደማለት ነው። ሐረጉ ጎጆ ሲወጣ እሳቸው ፕሮፌሰር ሆኑ፣ ጀሶውም ተቀረጸ። ተማሪዎች ከኋላቸው «አባ አራቱ» ይሏቸዋል። እሳቸውም እንዳልሰማ ሆነው ደስ ይላቸዋል።

ይህ ታሪክ ግን የመጨረሻዋ የዶክትሬት ተማሪያቸው ታሪክ ነው። ልጅቷ ቤቷ ውስጥ ዶክተር ከሆነች ቆይታለች። እናቷ ትምህርቱን ከጀመረችበት ቀን አንስቶ «ዶክተሬ» እያለች ስለምትጠራት፣ ጉልበቱን የሚያመው የሰፈር ሰው ሁሉ በየተራ ሱሪውን ሰብስቦ አሳይቷታል። «እኔ እኮ የባቄላ ዶክተር ነኝ» ብትል፣ «ታዲያ ምን አለበት፣ ጉልበትም ሲያብጥ ባቄላ ነው» ያሏት ሽማግሌ አሉ። አሁን ያ ማዕረግ እውነት ሊሆን የቀረው የፕሮፌሰሩ ፊርማና የፈታኞች ጉባኤ ብቻ ነው። ካልሆነ እናትየው በሰፈሩ ዓይን ያረጀች ውሸታም፣ ልጅቷም ፈቃድ ሳይኖራት የሰው ጉልበት ስታይ የኖረች አጭበርባሪ ትሆናለች።

ሥራዋ የጥራጥሬን ወገን በአበባ ዱቄቱ ብቻ ለይቶ የሚያሳውቅ መለያ ቁልፍ ማዘጋጀት ነው። መለያ ቁልፍ የሚሉት መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነው፤ እየጠየቀ ይወስድሃል። ላይዋ ልሙጥ ነው ወይስ መረብ? መረብ ከሆነ በዚህ ታጠፍ። ሞላላ ናት ወይስ ድቡልቡል? ሞላላ ከሆነች ወደ ታች ውረድ። የሁሉ መጀመሪያ የሆነው ጥያቄ ደግሞ፦ በሯ ስንት ነው? ሦስት ከሆነ ገና ብዙ ትሄዳለህ። አራት ከሆነ የፕሮፌሰሩ ሐረግ ነው፤ ደርሰሃል፣ አረፍ በል።

ችግሩ የመጣው ከዚህችው ከመጀመሪያዋ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ከጀርባው አጥር አበባ ቀጥፋ፣ ዱቄቱን አራግፋ፣ ሮዝ ቀለም ጠብ አድርጋ፣ ሽፋን መስታወት አልብሳ አየች። ሦስት። ሌላ አበባ ቀጠፈች። ሦስት። ከወዲያኛው ማዕዘን ቀጠፈች፣ ከእንቡጡም ከፈካውም ቀጠፈች፤ አጥሩ ራቁቱን ሊቀር ደረሰ። ሦስት ሆኖ ቀረ።

ቢሮ የምትጋራው ጓደኛዋ ግራር ይባላል። የሚያጠናው ግራርን ነው፤ ጠባዩንም ከሚያጠናው ዛፍ ስለወረሰ ሳይወጋ አይነካም።

«ስንት አገኘሽ?» አላት ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ሦስት።»

«ደግመሽ ቁጠሪያ።»

«ደግሜ፣ ደጋግሜ ነው ሦስት የምልህ።»

«እንግዲያው ዓይንሽን ታጠቢ። ሰውዬው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በር የምትዘጊባቸው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ምን ዘጋሁ? ያልተከፈተ ነው ያገኘሁት።»

ግራር ተነፈሰና ተነሳ። ከእጇ አበባውን ተቀብሎ አራገፈ፣ ቀለሙን ጠብ አደረገ፣ መስታወቱን ጣል አድርጎ በአውራ ጣቱ ጫን አለና አቀበላት። ጎንበስ ብላ አየች። አራት። ሁሉም ላይ ባይሆንም፣ ብዙዎቹ ላይ ቁልጭ ያለ አራት።

«አየሽ?» አለ። «አበባው የጠላው አንቺን ነው እንጂ በሩን አይደለም።»

«አንድ አበባ እኮ ነው። እኔ ስሠራው ሦስት፣ አንተ ስትሠራው አራት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?»

«የእጅ ጉዳይ ነው። አንቺ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሽው፤ እኛ ከሳቸው ከእጃቸው ነው የተማርነው።» ይህን ሲል ኩራት ነበረበት። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የፕሮፌሰሩ የእጅ ልጅ ነው። ስላይድ የሚሉትን የማይክሮስኮፕ መስታወት እንደሳቸው ይሠራል፣ እንደሳቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ አንዳንዱ እንደሳቸው እስከ ማሳል ደርሷል። «ለማንኛውም ምክር ከፈለግሽ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም፤ ባቄላ ግን ይነቅዛል» አለችው።

እሷ ስላይድ መሥራት የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ የዕቃ ክፍል ኃላፊዋ ሽፋን መስታወት የምታድለው ከጉሮሮዋ ነጥቃ እንደምትሰጥ ሆና ነበር። አንዲት የሰበረ ተማሪ ሰሞኑን ሙሉ በስሙ ሳይሆን «ሰባሪው» ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ፍርሃት የተነሳ ልጅቷ እስከ ዛሬ መስታወቷን በመርፌ ጫፍ ደግፋ፣ ቀስ ብላ በጎን አስተኝታ፣ በራሷ ክብደት እስክትረጋ ትጠብቃታለች እንጂ አትነካትም። ይህን ልማዷን እንደ ድክመት ነበር የምታየው።

እሑድ ዕለት ወንድሟ ቤት ሄደች። ሚስቱ ወልዳለች፤ ሴት ልጅ። ሳሎኑ ውስጥ የሕፃን ሳሙናና የተተኮሰ ጨርቅ ሽታ አለ። አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ጣታቸውን ቅባት ነክረው አፍንጫዋን ይሠራሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከሥሩ ይይዙና ወደ ላይ ሳብ፣ ጫን። ሳብ፣ ጫን። ልክ ሊጥ የሚያቦኩ ይመስላሉ። የሕፃኗ እናት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ በጎን ዓይኗ ትከታተላለች።

«ዶክተር መጣች» አሉ አክስትየው። «ነይ እስቲ አንቺ የተማርሽው ፍረጂ። ይሄ የአባታችን አፍንጫ አይደለም?»

«አሁን ሆኗል፣ እትዬ» አለች የሕፃኗ እናት። «ጠዋት ሲመጡ የኔ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ። ወደ ዘመዱ የሚሄድበትን መንገድ አሳየሁት እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ?»

«እውነታቸውን ነው» አለች የልጅቷ እናት ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና። «የሕፃኗን አባትም እንደዚሁ ሠርተውት ነው የወጣለት። ዶክተሬን ግን ስታለቅስ ጊዜ ተዉአት፤ ይኸው ቀረች።»

ልጅቷ ሳታስበው አፍንጫዋን ዳሰሰች። ከዚያ ዓይኗ የአክስቷ አውራ ጣት ላይ ዐረፈ። ሲጫኑ ጥፍራቸው ነጣ ይላል፤ ሲለቁ ደም ይመለስበታል። ነጣ፣ ተመለሰ። የሕፃኗ አፍንጫ ደግሞ ሲጫኑት ይሾላል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ወደ ድፍጥጥነቱ ይመለሳል። አክስትየው «እዩ» የሚሉት ሳይመለስ ቀድመው ነው።

«እትዬ፣ ባይጫኗትስ?»

«ባልጫናትማ የማን እንደሆነች በምን ይታወቃል?» አሉ፣ ጥያቄው ራሱ ቅር አሰኝቷቸው።

ልጅቷ ያስቀመጡላትን ሻይ አልጨረሰችም።

በማግስቱ ግራር ሳይመጣ ላቦራቶሪ ገባች። እንደ ልማዷ መስታወቷን አስተኝታ፣ ረግታላት፣ አየች። ሦስት በር። ዓይኗን ሳታነሳ አውራ ጣቷን ሽፋኑ ዳር አሳረፈችና ጥቂት ጫን አለች። ቅንጣቷ መጀመሪያ አበጠች፤ ያኮረፈ ልጅ ጉንጭ መሰለች። ትንሽ ጨመረችባት። በስስ ጎኗ በኩል ያለው መረብ ተወጠረ፣ ተወጠረና ተረተር አለ። ስንጥቋ ጫፍና ጫፏ የሾለ፣ መሐሏ ሰፋ ያለ፣ ቆንጆ ነበረች። ከሦስቱ ጎን ቆማ ስትታይ ከበር የሚለያት የለም። ልዩነቱ ሦስቱ በሮች ሲሆኑ አራተኛዋ የሌባ ሥራ መሆኗ ነው።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። የሕንጻው ሰው ሁሉ ተረቱን ያውቀዋል። ጀሶ አድርጎ በር ላይ እንዳቆመው ግን ማንም አላወቀም።

ፕሮፌሰሩ ጋ ስትገባ ልትናገር ቆርጣ ነበር። እሳቸውም ጨካኝ ቢሆኑ ኖሮ ቀላል በሆነላት። ነገር ግን ተነስተው ነው የተቀበሏት፤ የተሻለውን ወንበር ለሷ ሰጥተው ራሳቸው እግሩ በሚወዛወዘው ተቀመጡ። የጽሑፏ ረቂቅ ፊታቸው ነው፤ ዳር ዳሩን በእርሳስ ማስታወሻ ሞልተውታል።

«አሠራሩን ነው መጀመሪያ ያነበብኩት» አሏት። «እኔ የሰው ጽሑፍ ሳነብ ከአሠራሩ ክፍል ነው የምጀምረው። መደምደሚያማ ማንም ይጽፋል። ጥሩ ነው፤ ትንሽ አጥሯል።»

«ፕሮፌሰር፣ ስለ አራተኛው በር አንድ ነገር ላነሳ ነበር።»

«አንሺ፣ ልጄ።»

«አንዳንዴ አይታይም።»

«ዓይን ይፈልጋል» አሉ በርኅራኄ። «እኔም መጀመሪያ ቀን ሦስት መስሎኝ ልሄድ ነበር። እስቲ በደንብ ላስተካክለው ብዬ ደግሜ ሳይ ነው፣ አራት። እንዴት ያለ ቀን መሰለሽ።» ፊታቸው በራ። ያን ቀን ዝናብ እንደነበር፣ ጫማቸው ውሃ ያስገባ እንደነበር፣ ደስታውን የሚነግሩት ሰው አጥተው ለዘበኛው እንደነገሩት አወሩላት። ዘበኛውም «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ነበር።

«ስላይዱን ሲሠሩ...» አለች፣ ድምፅዋ እየሳሳ፣ «እንዴት ነው የሚያደርጉት?»

«እንደ ማንኛውም ሰው ነዋ» አሉና ፈረሙላት።

ፊርማውን ይዛ ስትወጣ እፎይታና እፍረት ባንድ ኮት ውስጥ የገቡ መሰላት። በዚያው ቀን ቁልፉን አስተካከለች። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «በሩ ሦስት ወይም አራት» የሚል ሆነ። «ወይም» የምትለዋን ቃል የፈጠረ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም እንጂ፣ ዶክትሬት ያለ ፈተና ይገባው ነበር።

የፈተናው ቀን አዳራሹ ሞላ። እናቷ ለሠርግ ያስቀመጠችውን ቀሚስ ለብሳ ፊት ተቀመጠች። አክስትየው ሕፃኗን አቅፈው ከጎኗ ናቸው። ግራር ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ዲኑ፣ ሰብሰብ ያሉ ሰው፣ ሰዓታቸውን አውልቀው ፊታቸው አስቀመጡ። የውጭ ፈታኟ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ከመጠየቃቸው በፊት ይቅርታ ስለሚጠይቁ ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል።

ልጅቷ ተናገረች፣ ሥዕሎቿን አሳየች፤ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ፈታኟ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ሦስት ወይም አራት ማለት ምን ማለት ነው? በር እኮ ነው፤ እራት የተጠራ እንግዳ አይደለም።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀና ዲኑን አይቶ አቆመ።

«እንደ ስላይዱ ይለያያል» አለች ልጅቷ።

«እንደ ስላይዱ? ወይስ እንደ ተክሉ?»

«እንደ... ስላይዱ።»

«ማይክሮስኮፑ እዚሁ ስላለ፣ ይቅርታ፣ ብናየው ጥሩ ነበር።»

ማይክሮስኮፑ ከካሜራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያየውን ግድግዳ ላይ ያወጣል። ልጅቷ ስላይዷን ሠራች። መርፌዋን ይዛ መስታወቷን አስተኛች። በዚያች ደቂቃ አውራ ጣቷ ምርጫ ነበራት፤ ጫን ብትል ፕሮፌሰሩም እናቷም እሷም ይድናሉ። አልጫነችም። ቆራጥ ስለሆነች አይደለም። የዚያች የዕቃ ክፍል ኃላፊ ፊት ነው የታያት።

ግድግዳው ላይ ሮዝ ቅንጣቶች ወጡ፣ እያንዳንዳቸው ሰሃን አክለው። ሦስት በር። ሦስት። ሦስት። ከኋላ ሹክሹክታ ተነሳ። ዲኑ ሰዓታቸውን መልሰው አሰሩ። እናትየው ምንም ባይገባትም የልጇን ፊት አይታ ቀሚሷን ጨበጠች።

ይሄኔ ፕሮፌሰሩ ተነሱ። ሊያድኗት ነው የተነሱት፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም።

«ደንግጣ ነው» አሉ ለፈታኟ፣ አባት ስለ ልጁ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሆነው። «ስላይዱ በደንብ አልተቀመጠም። አይዞሽ ልጄ።» ወደ ማይክሮስኮፑ ሄደው ጎንበስ አሉና አውራ ጣታቸውን ሽፋኑ ላይ አሳረፉ።

ከግድግዳው ዳር ጥቁር ጥላ ብቅ አለ። ጥላው ጣት መሆኑን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። ቅንጣቶቹ አበጡ፤ ተወጠሩ፤ ከዚያ በየተራቸው በስስ ጎናቸው በኩል ተረተር፣ ተረተር እያሉ ተቀደዱ። አዳራሹ በሙሉ አየ። ያላዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ጣታቸው ላይ ነበር፤ በወጣትነታቸውም እዚያው ላይ ነበር። ቀና ሲሉ ግድግዳው ላይ አራት በር ተከፍቶ ጠበቃቸው።

«ይኸውላችሁ» አሉ። «አራት።» መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ሰው ሁሉ የገዛ አውራ ጣቱን ማየት ጀመረ፤ ግራር የሱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በዚህ መሐል አክስትየው ለእናትየው ሹክ አሉ። የሳቸው ሹክታ ደግሞ ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም።

«አየሽ፣ ትንሽ ጫን ሲሉት መልኩ ይወጣል።»

ፈታኞቹ ሊመክሩ ገቡ። አማካሪ ምክክሩ ውስጥ ስለማይገባ ፕሮፌሰሩ ውጭ ቀርተው፣ ሻይ ይዘው፣ ከአክስትየው ጋር ስለ ሕፃኗ አፍንጫ ያወጉ ነበር። ተግባብተዋል። ልጅቷ ወደ ውስጥ ስትጠራ ዲኑ ቆመው ጠበቋት።

«ጉባኤው ተወያይቷል» አሉ። «ሥራሽ ጥሩ ነው። አንዲት ማስተካከያ ብቻ አለች። ስላይዱ በአውራ ጣት እንደሚጫን በአሠራሩ ክፍል አልጻፍሽም። አሠራሩ በትክክል ካልተጻፈ ሌላ ሰው ውጤቱን ሊደግመው አይችልም። ሳይንስ ደግሞ ካልተደገመ ሳይንስ አይደለም።»

«ዲን፣ በሩ እኮ ሲጫኑት ነው የሚቀደደው። ሁላችሁም አይታችኋል።»

«እኔ ያየሁት ውጤት ነው።» ዲኑ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም፣ ልጄ። ሰውዬው ጡረታቸው ደርሷል። ጀሶውም ከባድ ነው።»

ልጅቷ ወደ ውጭ ፈታኟ ዞረች። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታ ሳይጠይቁ ተናገሩ።

«በትክክል ይጻፍ የሚለውን እኔም ፈርሜበታለሁ» አሉ። «በትክክል።» ከዚያ ቦርሳቸውን ዘጉ።

ልጅቷ ቤቷ ገብታ ብዙ ሳታስብ ጻፈችው። ከ«ወይም»ም ተላቀቀች። አሠራሩ ክፍል ላይ፣ ስለ ቀለሙና ስለ መርፌው ከሚያወራው አንቀጽ በታች፣ እንዲህ የሚል ገባ፦ «ሽፋኑ መስታወት በራሱ ክብደት ሲረጋ ቅንጣቷ ሦስት በር አላት። አራተኛው ከተፈለገ፣ እስኪቀደድ ድረስ በአውራ ጣት ይጫን።»

ዲኑ ማስተካከያው መግባቱን አይተው ረኩ። ምን እንደሚል አላዩም። የአሠራር ክፍል ማለት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ እንደሚወጣው ወረቀት ነው፤ አለመኖሩ ያስቆጣል እንጂ መኖሩ አያስነብብም። ልጅቷ ዶክተር ተባለች። እናትየው ሰፈሩን ጠራች፤ ጎረቤቱም «ድሮስ አልነበረችም እንዴ?» እያለ መጣ። የሕፃኗ አፍንጫ በዚያን ጊዜ ተመልሶ የእናቷ ሆኖ ነበር። አክስትየው ግን ጥፋቱን በአየሩ ላይ አሳበው ሥራቸውን ቀጥለዋል።

በዓለም ላይ ጽሑፍን ከአሠራሩ ክፍል ጀምሮ የሚያነብ አንድ ሰው ነው ያለው። እሱም መጣ።

ፕሮፌሰሩ የተጠረዘውን መጽሐፏን በብብታቸው ይዘው ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሙ። ግራር አያቸውና ትዝ ያለው ጉዳይ ያለ ይመስል ወጣ። እሳቸው ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጡ።

«እስቲ አንቺ እንደምትሠሪው አድርገሽ ሥሪልኝ።»

አበባ አራገፈች፣ ቀለም ጠብ አደረገች፣ መስታወቷን በመርፌ አስተኛች። ሁለቱም እስክትረጋ ጠበቁ። የፕሮፌሰሩ አውራ ጣት በልማዱ ተነሳ፣ ወደ መስታወቷ ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ። እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ሥር ሸጎጡትና ተቀመጡበት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ስላይዱን ገፋ ያደርጋሉ፣ ያያሉ፤ ገፋ ያደርጋሉ፣ ያያሉ።

«ሦስት» አሉ በመጨረሻ።

ልጅቷ መርፌዋን ጠርጋ አስቀመጠች።

«መቼ አወቅሽ?»

«ከመፈተኔ በፊት።»

«እና አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎት መጥቼ ነበር። ዓይን ይፈልጋል አሉኝ።»

ፕሮፌሰሩ ሊስቁ ይሁን ሊያስሉ ሳይለይ ትከሻቸው ተነቃነቀ። አውራ ጣታቸውን ከጭናቸው ሥር አውጥተው ብርሃኑ ላይ ያዙት፤ ፊትና ኋላውን አገላብጠው እንደማያውቁት ሰው አዩት።

«የተከፈተ በር ያገኘሁ መስሎኝ ስኖር» አሉ፣ «ለካ ሳላንኳኳ ሰብሬ ነው የገባሁት።» መጽሐፏን ብብታቸው ሥር መልሰው ተነሱ። «በይ፣ ይታረማል። እኔው ራሴ አርመዋለሁ።»

ያን ቀን ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሏት ሄደች። ሰውየው ታላቅ መሆናቸውን ለእናቷም፣ ለወንድሟም፣ አልፎ ተርፎ ለግራር ነገረች። ግራር «እናያለን» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሕንጻው መግቢያ ላይ ግርግር ነበር። ጉልበት ያላቸው ሰዎች ጀሶውን አቅፈው ያቃስታሉ። ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን አውልቀው ከፊት ለፊት ቆመው በእጃቸው ይመራሉ።

«ወደ ግድግዳው። ትንሽ ጨምሩ። አይ፣ በዛ፤ መልሱት። እዚያ ጋ፣ በቃ።»

ሰዎቹ ለቀቁት። ፕሮፌሰሩ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። ከዚያ ልጅቷን አዩአት፤ ፊታቸው ያን የዝናቡን ቀን ሲያወሩ እንደበራው በርቷል።

«ነይ እስቲ፣ ዶክተር። ከፊት ሲያዩት ስንት ነው?»

ልጅቷ ቆጠረች። አራተኛዋ ግድግዳውን ታያለች።

«ሦስት» አለች።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አሉ ኮታቸውን እየለበሱ። «የሳይንስ ውበቱ፣ ራሱን በራሱ ያርማል።»

ጥቂት ቆይቶ ማካፋት ጀመረ። ዘበኛው ከውጭ ገባና ጃንጥላውን አራግፎ፣ በለመደበት በኩል ቢፈልግ ቀዳዳዋን አጣት። ጀሶውን ዞረው፤ ግድግዳውና ድቡልቡሉ መሐል አንገቱን አስገብቶ አየ።

«እዚህ ነው እንዴ የደበቋት» አለ።

«ሌሎቹ አሉልህ አይደል» አለችው ልጅቷ። «በፊቱ በኩል አትሰካውም?»

«እነዚያማ ጠባብ ናቸው። ጃንጥላዬን የለመደችው እሷ ናት» አለና ክንዱን በጠባቧ መንገድ አሳልፎ ሰካው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሕንጻው የሚገባ ሰው ሁሉ ከፊት ለፊት የሚያየው ሦስት በርና አንድ የጃንጥላ እጀታ ነው።